የሚጠብቁትስ የማን ናቸው?

ቢቸና፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ዘመነ፣

ሰላምታዬ ከነአባትህ ሞጣ ድረስ ይድረስህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት የተረፈኝ ጊዜ ብቻ ነው። መልሱን ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይቅር በለኝ።

የስልክ ቁጥርህን ጽፈህልኛል፤ ብንደዋወል በአሥር ደቂቃ ያልቃል ብለሃል። እኔ ስልክ አልይዝም። ስልክ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቼ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ደብዳቤ ግን እችላለሁ።

የላክህልኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ያልገባኝን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈለግሁ። የተረዳሁትን ልንገርህና ከሳትኩ አርመኝ። ኮምፒውተር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር መስመር ከፍቶ ሲነጋገር፣ የተላከውን መቁጠር፣ መድረሱን ማረጋገጥ፣ የጠፋውን ደግሞ መላክ ያደክመዋል። ስለዚህ የተከፈተውን መስመር እንዳለ ለኔትወርክ ካርዱ ያስረክብና ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። ካርዱ ሲቸግረው ወይም ገመዱ ሲነቀል መስመሩን መልሶ ለዋናው ያስረክባል። አንተ የምትሠራው ድራይቨር በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ ርክክቡ በምን ቃልና በምን ተራ ይሁን የሚለውን ይወስናል። የቸገረህ ደግሞ፣ መስመሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መሐል ላይ የሚጠፋ ነገር መኖሩ ነው።

አባትህ እኔን ጠይቅ ማለታቸው ልክ ነው። ይህ የእኛ ሥራ ነበር። እሳቸው በሞጣ ስልክ ቤት፣ እኛ በቢቸና።

በእኛ ጊዜ ሰሌዳው ፊት አንዲት ሴት ትቀመጣለች። የሞጣው፣ የደብረ ወርቁ፣ የማርቆሱ መስመር ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል፤ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካች ሰውን ከሰው ታገናኛለች። ፈረቃዋ ሲያልቅ ተረካቢዋ መጥታ ከኋላዋ ትቆማለች። አስረካቢዋ እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ፣ «ሞጣ ከማርቆስ፣ እየተነጋገሩ ነው፣ ስድስት ደቂቃ» ትላለች። ተረካቢዋ ቃል ሳትቀንስ ትደግማለች። ሳትደግም እጅ አይነሣም። አንድ ቃል ከሳተች ከመጀመሪያው ነው። ደንቡን ያወጡልን አለቃችን አቶ አካለ ወልድ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው ናቸው። «ተማሪው ያልደገመው ትምህርት ገና መምህሩ ዘንድ ነው» ይሉን ነበር።

እንግዲህ ካርዱ ተቀብያለሁ ማለቱ አይበቃህም። ምን እንደተቀበለ ይድገምልህ። እስኪደግም ድረስ ዋናው እጁን አያንሣ።

በመጨረሻ ስለ አባትህ የጠየቅኸኝን አይቼዋለሁ። እሱን በሌላ ጊዜ።

ይርጋነሽ

ሞጣ፣ ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ መድገሙ ያለው ጋ ስደርስ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «የቢቸና ሴት ባሏን ገበያ ስትልክ እንኳ ሳታስደግም አትለቀውም» አሉ። ይህን እንድጽፍልዎት ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፤ በእኔ እንዳይቀየሙ።

ደንቡን ድራይቨሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አሁን ዋናው፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ መስመር ሲያስረክብ፣ ካርዱ የመጨረሻው የተላከ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻው የደረሰ ስንት እንደሆነ መልሶ ይናገራል። ልክ ካልሆነ ርክክቡ ይፈርሳል። ቀድሞ ከመቶ መስመር አራት አምስቱ ይጠፉብኝ ነበር። አሁን አይጠፉም። የመመረቂያ ሥራ አማካሪዬ ከየት አመጣኸው አሉኝ፤ ከቢቸና አልኳቸው፤ የቀለድኩ መሰላቸው። ፈተናዬ የካቲት ላይ ነው።

ስለ አባቴ ጥያቄ በመጀመሪያው ደብዳቤ አሳጥሬው ነበርና ግልጽ ላድርገው። የካቲት 1983 እናቴ ሰርካለም ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ገባች። ነገሩ ከዚያ ሰዎች አቅም በላይ ሆነ፤ ወደ ማርቆስ የሚወስዳት መኪና አስፈለገ። አባቴ ከስልክ ቤታችን ቢቸና ያለውን የመንገድ ሥራ ካምፕ ጠየቁ። የቢቸናዋ ሴት፣ «ካምፑ አያነሣም፤ በሩብ ሰዓት ደግሜ ሞክሬ እደውልልዎታለሁ፤ ከስልኩ አይራቁ» አለቻቸው። መስመሩ አንድ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደጋግሞ ከደወለ የሚደወልለትን ያግዳል። እንደ ደንቡ እጃቸውን አጣጥፈው አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ አላስቻላቸውም። እናቴን ለማየት ሮጡ፤ በግማሽ ሰዓት ተመለሱ። ሲደውሉ መስመሩን ሠራዊቱ ይዞታል፤ እስኪመሽ አልተለቀቀም። እናቴና ያልተወለደው ልጅ በማግስቱ አብረው ተቀበሩ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

አባቴ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «በዚያች ግማሽ ሰዓት ደውላ ይሆናል፤ እኔ አልነበርኩም።» ያኔ እንዳይጠይቁ በሁለተኛው ሳምንት ጦርነቱ መስመሩን ቆረጠው። ኋላ ደግሞ መልሱን ፈሩ። አሁን ሐኪሞቹ ተስፋ ስለቆረጡ ነው መሰለኝ፣ ሳልሞት ልወቅ ይላሉ። ያቺ ሴት እርስዎ ይሁኑ ሌላ አያውቁም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። እርስዎ ካልነበሩ የነበረችውን ይጠይቁልን። በዚያች ግማሽ ሰዓት ከቢቸና ተደውሎ ነበር ወይ?

አክባሪዎ ዘመነ

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ዘመነ፣

መስመሮችህ መጥፋት በመተዋቸው ደስ ብሎኛል። የአባትህን ቀልድ አልተቀየምኩም፤ ባሌም እንዲሁ ይለኝ ነበር።

በመካከል በላክህልኝ አጭር ደብዳቤ፣ ከተከፈቱት መስመሮች ሌላ የምታስረክቡት ነገር ነበር ወይ ብለኸኛል። ደንቡ ስለ ተከፈቱት ብቻ ነበር።

ስለዚያ ዕለት የጠየቅኸኝን በተመለከተ፣ የጊዜው መዝገብ በጦርነቱ ሰሞን ጠፍቷል። ማን ሰሌዳው ላይ እንደነበረ፣ ማን እንደደወለ አላስታውስም። ብዙ ዓመት ነው።

ይህን በሚያመጣልህ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ጋቢ ልኬአለሁ። ጥጡን የፈተልኩት እኔ ነኝ። አባትህን አልብሳቸው። ከማን ነው ካላሉህ አትንገራቸው።

በፈተናህ ይቅናህ።

ይርጋነሽ

ሞጣ፣ የካቲት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት። የዘገየሁት አፍሬ ነው።

ወደቅሁ። ማለቴ፣ ጨርሰው አልጣሉኝም፤ እስከ ሰኔ አስተካክለህ ና አሉኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ፈታኙ ሁለቱ ኮምፒውተሮች እየሠሩ ሳለ ተነሥተው ገመዱን ነቀሉት። ካርዱ መቶ ሃያ የተከፈቱ መስመሮች ይዞ ነበር፤ እየደገመ ሁሉንም ለዋናው መለሰ፤ አንድ አልጎደለም። ደስ ብሎኝ ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ። እሳቸው ግን፣ «እሺ፣ መስመሮቹ ተመለሱ። ገና ሳይላክ ተራውን ይጠብቅ የነበረውስ?» አሉ።

ፈለግሁ። የለም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለካርዱ ሰጥቻለሁ ብሎ ከዝርዝሩ ሰርዞታል። ካርዱ ደግሞ ገና አልጀመርኩትም ብሎ ከራሱ አልቆጠረውም። ሁለቱም አልዋሹም። «ታዲያ የሚጠብቁትስ የማን ናቸው?» አሉኝ። «የማንም» አልኩ። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ።

አልወቅስዎትም። እንዳሉኝ ስለ ተከፈቱት ብቻ ነው የሠራሁት፤ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን ግን ይህን ይንገሩኝ። ሰው ደውሎ፣ የሚፈልገው አልተገኘ ብላችሁ «ይጠብቁ» ስትሉት፣ ፈረቃው መሐል ላይ ቢያልቅ ያ ሰው የማን ነበር?

አባቴ ደክመዋል። ምግብ ትተዋል። ጋቢውን ግን ከላያቸው አያወርዱም፤ ከማን እንደሆነ አልጠየቁም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከአልጋቸው ተነሥተው ይቀመጡና የቤቱን ስልክ ያዩታል። «ጮኸ?» ይሉኛል። አልጮኸም እላለሁ። «እኔ ሳልኖር ይሆናል» ይላሉ።

ዘመነ

ቢቸና፣ መጋቢት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዘመነ፣

ዛሬ ሰላምታውን አላስቀደምኩም። አንብበህ ስትጨርስ ሰላምታዬን መቀበልና አለመቀበል ያንተ ነው።

ከሁሉ በፊት ለአባትህ ይህችን አንዲት መስመር አንብብላቸው፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ከቢቸና የደወለ ሰው የለም። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም የለም። አርባ ደቂቃ ቀርቶ አርባ ቀን ቢቀመጡ ያ ስልክ አይጮኽም ነበር።

«ከስልኩ አይራቁ» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ጥያቄህን ልመልስ። ሰው ይጠብቅ ሲባል ስሙና የፈለገው ነገር በብጣሽ ወረቀት ይጻፍና ሰሌዳው ጎን ያለ ሚስማር ላይ ይሰካል። ተረካቢዋ ሚስማሩን እያየች ትቀጥላለች። የሚጠብቀው ይደገም የሚል ደንብ አልነበረንም። የተከፈተ መስመር ድምፅ አለው፤ ቢረሳ ይጮኻል። የሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚጠብቀው።

የአባትህን ጥሪ ጻፍኩ። ወረቀቱን በእጄ እንደያዝኩ ቀና ስል በሩ ላይ ባሌ ቆሟል። ኃይለ ሚካኤል ወደ ሰሜን ዘምቶ ሁለት ዓመት ወሬው ጠፍቶብኝ ነበር። ዘመዶቹ ቁርጡን አውቀን ተዝካሩን እናውጣ ይሉኝ ነበር። አንድ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ያየኛል። ተረካቢዬ ወይንእሸት ፈረቃዋ ሳይደርስ መጥታ ነበርና፣ «ሂጂ እንጂ፣ ሰው ከመቃብር ተነሥቶ መጥቶልሽ» አለችኝ። ሦስት የተከፈቱ መስመሮች ነበሩ። ሦስቱንም አስረከብኩ፤ ሦስቱንም ደገመች። ከደንቡ አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ወረቀቱን ግን ሹራቤ ኪስ ከትቼ ሮጥኩ። ሚስማሩ ከእጄ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሹራቡን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አገኘሁት። በዚያው ቀን የሞጣው ኦፕሬተር ሚስቱን መቅበሩን ሰማሁ። ወይንእሸትን አትውቀሳት፤ ሚስማሩን አይታለች፤ ባዶ ነበር። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ከሥራው በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ። ኃይለ ሚካኤል ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሲሞት እንኳ አልነገርኩትም። ከዚያ ሁሉ አገር በእግሩ የመጣበትን ቀን ላበላሽበት አልፈለግሁም። በየዓመቱ በዚያች ቀን ሰው ጠርቶ ይደግስ ነበር። እኔም እየሳቅሁ አስተናግድ ነበር።

መኪናው ቢነሣ በጊዜው ይደርስ ነበር ወይ፣ ቢደርስስ እናትህ ትተርፍ ነበር ወይ፣ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለማቅለል አይደለም። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ የማውቀው ይህን ነው።

መስከረም ላይ ስትጽፍልኝ ከስምህ ቀጥሎ ጓዴ የሚለውን የአባትህን ስም ሳይ ማን እንደሆንክ አወቅሁ። ታኅሣሥ ላይ አላስታውስም ያልኩህ ውሸት ነው። ስለ ደንቡ የነገርኩህ እውነት ነበር፤ ግን የሚጠብቁትን ብነግርህ እንዴት አወቅሽ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ግማሹን አስቀረሁት። ፈተናው ላይ የተሳቀብህ በዚያ በቀረው ነው። አንድ ቤተሰብ ላይ ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ።

ለሥራህ የምመክርህ ይህ ነው። ያልተጀመረውም ስም ይሰጠው። ካርዱ የተከፈተውን ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀውንም አንድ በአንድ ይድገም። እስኪደግም ድረስ በአስረካቢው ስም ይቆይ፤ ሰጥቻለሁ ብሎ አይሰርዝ። ሁለቱም ዘንድ ቢገኝ አንዱ ይተወዋል፤ ሁለቱም ዘንድ ከታጣ ግን የሚፈልገው የለም።

ወረቀቷ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለች። አሥራ ስድስት ዓመት ዳዊቴ ውስጥ ነበረች። የእኔ አይደለችም።

ይርጋነሽ

ቢቸና፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዘመነ፣

መልስ እንድትጽፍልኝ አይደለም። ደብዳቤው መድረሱን ብቻ ላውቅ ፈልጌ ነው፤ በአውቶቡስ ጠፍቶ ከሆነ ደግሜ እጽፈዋለሁና። ደርሶህ ከሆነ ባዶ ወረቀት አጥፈህ ላክልኝ፤ ይገባኛል።

ይርጋነሽ

ሞጣ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወይዘሮ ይርጋነሽ፣

ደርሶኛል። መጋቢት 6 ቀን ነው የደረሰኝ። የአባቴን አርባ ትናንት በስቲያ አወጣን፤ ለዚህ ነው እስካሁን ያልጻፍኩት። አንዱ ምክንያት ማለቴ ነው።

ብቻዬን አነበብኩት። ተቆጣሁ። የላኩትን ጋቢ ከአባቴ ላይ ገፍፌ ላቃጥለው አሰብኩ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ እየተነሡ «ጮኸ?» ሲሉኝ፣ መልሱ ኪሴ ውስጥ እያለ አልጮኸም አልኳቸው፤ ሦስት ጊዜ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። የእናቴን ነገር ለአባቴም ቢሆን ማካፈል ያልፈለግሁ ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ግን ኪሴን ስነካ የእርስዎ ሹራብ ትዝ አለኝ።

ያሉኝን መስመር አስቀድሜ አነበብኩላቸው። «ማንም?» አሉ። ማንም አልኳቸው። የቀረውን ሁሉ አነበብኩ። ባልዎ በር ላይ የቆሙበት ጋ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ ያን ብቻ እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ፣ «እኔም ብሆን ሮጬ ነበር» አሉ። «ሮጬአለሁም።»

ወረቀቷን ጠየቁኝ። ዓይናቸው አላነበበላቸውም፤ እኔ አነበብኩላቸው። ያኔ ደግፈኝ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ጋቢው ላይ ዘረጉ። በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ሥራ ላይ ባለ ሰው ድምፅ፣ «ሞጣ ጤና ጣቢያ። ወላድ። መኪና፣ ከካምፑ። ዘጠኝ ተኩል። ተጠባባቂ» አሉ። ቃል አልቀነሱም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ሞጣ ደግሟል በላት። እጇን ታንሣ» አሉኝ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አልተነሡም። ተኝተው ነበር። እስከ መጋቢት 17 ድረስ አንድ ቀን እንኳ ስለ ስልኩ አልጠየቁኝም። በዚያ ቀን አረፉ። ከእናቴ ጎን ናቸው። ጋቢው አብሯቸው ነው።

ይህን መልእክት ሃምሳ ቀን ያህል ይዤ መቆየት አልነበረብኝም። እጅዎን እንዲያነሡ የታዘዘው መጋቢት 9 ቀን ነው። ዘግይቶ የደረሰዎት በእኔ ነው።

ድራይቨሩን አስተካክያለሁ። አሁን የሚጠብቅ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ካርዱ ካልደገመው ዋናው አይለቀውም፤ ሲመለስም እንዲሁ። ገመዱን ሦስት ሺህ ጊዜ ነቅዬ ሰክቻለሁ። አንድም አልጠፋም። ሰኔ 5 ቀን አቀርበዋለሁ።

ወረቀቷን አልመልስልዎትም። እኔ ዘንድ ትሁን።

ይቅርታ እንዳልጠየቁኝ አይቻለሁ። ባለመጠየቅዎ አመሰግንዎታለሁ፤ ቢጠይቁኝ አሁን የምሰጠው የለኝም። አባቴ የደገሙት የራሳቸውን ነው። የእኔ ገና አልተጀመረም። ከሚጠብቁት ጋር፣ በስሜ ጽፌዋለሁ። አልሰርዘውም።

ዘመነ